የኢንዶስኮፒ መዝገብ በኮምፒውተር፦ ታካሚው ተመልሶ ሲመጣ እንዲገኝ

አንዲት እናት ከመንዝ ሌሊት ተነስተው ወደ ኢንዶስኮፒ ክፍላችን፣ ማለትም ካሜራ ባለው ቱቦ ጨጓራና አንጀት ወደሚታይበት፣ መጡ። ተራቸው ደርሶ ሲገቡ፣ «አምናም እዚሁ ቱቦ ውጬ ነበር። ጨጓራሽ ላይ ቁስል አለ ብለው መድኃኒት ሰጥተውኛል» አሉን። ወረቀቱ ጠፍቶባቸዋል። ስማቸውን ኮምፒውተር ላይ ጻፍን፤ የለም። ሦስት ወፍራም መዝገብ አገላበጥን፤ የለም። እንደ አዲስ ታካሚ ተመረመሩ። ቁስል ተገኘ። የአሁን መስሎን መድኃኒት ሰጥተን ሸኘናቸው።

ከሦስት ሳምንት በኋላ ሌላ ሰው ስፈልግ የአምናው ምስላቸው ድንገት ወጣ። ካርዳቸው ላይ «ፀሐይ» ተብሎ የተጻፈው ስም ኮምፒውተሩ ውስጥ «ጸሃይ» ሆኖ ገብቷል። ምስሉ ላይ ያለው ቁስል እኛ ያየነው ራሱ ነው። ቦታውም መጠኑም አልተለወጠም። ዓመት ሙሉ ያልዳነ የጨጓራ ቁስል ካንሰር አለመሆኑ ከቁስሉ በሚቆረጥ ናሙና መረጋገጥ አለበት። ደውለን አስጠራናቸው፣ ያንን ሁሉ መንገድ ደግመው መጡ፣ ናሙና ተወሰደ። ተመስገን፣ ካንሰር አልነበረም። እኔ ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ ማንኛውንም መዝገብ የማየው በአንድ ጥያቄ ነው፦ ይህ ሰው ተመልሶ ቢመጣ ይገኛል ወይ?

ይህ ያኔ እሠራበት በነበረ ቦታ የሆነ ነው። ዛሬ ይህን የምጽፈው እንደኔ በሰሜን ሸዋም ሆነ በሌላ አካባቢ ኢንዶስኮፒ ክፍል ለሚሠሩ ነርሶች፣ ሐኪሞችና የአይቲ ባለሙያዎች ነው። ለመጀመር ብዙ ዕቃ አይጠይቅም። አንድ ኮምፒውተር፣ ምስሉን ከኢንዶስኮፒ ማሽኑ ወደ ኮምፒውተር የምታስገባ ትንሽ መሣሪያ፣ ሁለት ውጫዊ ሃርድ ዲስክ፣ አንድ ዩፒኤስ (መብራት ሲጠፋ ለጊዜው የሚይዝ ባትሪ) እና ፕሪንተር ይበቃል። የሚከብደው ዕቃው ሳይሆን አሠራሩን መወሰን ነው።

1. መጀመሪያ ወረቀቱን አስተካክሉ

ኮምፒውተር የተዝረከረከ አሠራርን አያስተካክልም። ዝርክርኩን በፍጥነት ይሠራዋል እንጂ። ስለዚህ ሐኪሙ፣ ነርሶቹ፣ መሣሪያ የሚያጥበው ሰው እና ከካርድ ክፍል አንድ ሰው አብረው ይቀመጡ። ካርድ ክፍሉን እንዳትረሱ። ብዙ ቦታ የሚረሳው እሱ ነው፤ የስም ችግር የሚጀምረው ግን እዚያው መስኮት ላይ ነው።

ከዚያ አንድ ገጽ ቅጽ አዘጋጁና ሁለት ሳምንት በወረቀት ብቻ ሥሩበት። ሁልጊዜ ባዶ የሚቀር ሳጥን ካለ አውጡት። ጠርዝ ላይ በእስክርቢቶ የሚጨመር ነገር ካለ ሳጥን ይሠራለት። ሁለት ሳምንት ተሠርቶበት የተረፈው ቅጽ ነው ወደ ኮምፒውተር የሚገባው።

በምን ሶፍትዌር? ተቋሙ የራሱ የኤሌክትሮኒክ ካርድ ሥርዓት ካለው የእናንተ መዝገብ ከእሱ ጋር በካርድ ቁጥር መገናኘት አለበት። ከሌለው ማይክሮሶፍት አክሰስ ወይም በነፃ የሚገኘው ሊብሬኦፊስ ቤዝ ለአንድ ክፍል ይበቃል። ኢንተርኔት ሲጠፋ አብሮ የሚቆም ነገር አትምረጡ። ኤክሴል ለመለማመጃ ጥሩ ነው፤ ለዋና መዝገብነት ግን አልመክረውም። አንድ ሰው የስሙን ዓምድ ብቻ መርጦ በፊደል ተራ ቢደረድር የአንዱ ስም ከሌላው ውጤት ጋር ይጋጠማል። ፋይሉ ተቀምጦ ከተዘጋ መመለሻ የለውም። ይህን በዓይኔ አይቻለሁ።

2. ለሰው አንድ ቁጥር፣ ለምርመራ ሌላ ቁጥር

የካርድ ቁጥሩ የሰውየው ነው። ስንት ጊዜ ቢመጣ አይለወጥም። እያንዳንዱ ምርመራ ደግሞ የራሱ ተራ ቁጥር ይኑረው። አንድ ሰው ሦስት ጊዜ ቢመረመር አንድ የካርድ ቁጥርና ሦስት የምርመራ ቁጥር ይኖረዋል ማለት ነው። ሁለቱን የምታደባልቁ ከሆነ ሁለተኛው ምርመራ የመጀመሪያውን ይደመስሰዋል፣ ወይም ሰውየው ሁለት ሰው ይሆናል።

ካርዱ የጠፋበት ሰው አዲስ ካርድ ያወጣል። ስለዚህ «የቀድሞ የካርድ ቁጥር» የሚል ሳጥን ይኑራችሁ። የፋይዳ ቁጥር ያለው ሰው ፈቃደኛ ከሆነ እሱንም ጻፉ። የስልክ ቁጥር ሁለት ይሁን፤ የራሱና የቅርብ ሰው። የገጠር ሰው ስልክ ብዙ ጊዜ የልጅ ወይም የጎረቤት ስለሆነ «ይህ ስልክ የማን ነው?» ብላችሁ ጠይቃችሁ አጠገቡ ጻፉ።

3. ስም

እዚህ ላይ ረጅም ጊዜ ውሰዱ። እኔም ብዙ የምለው እዚህ ነው።

ስሙን በአማርኛ ፊደል ጻፉ። በእንግሊዝኛ ፊደል የተጻፈ የአበሻ ስም አንድ ዓይነት አጻጻፍ የለውም፤ ጻፊው በተቀየረ ቁጥር ይቀየራል። የምትጠቀሙበት የአማርኛ መጻፊያ ዩኒኮድ፣ ማለትም በየትኛውም ኮምፒውተር የሚነበበው ዓለም አቀፍ የፊደል ኮድ፣ መሆኑን አረጋግጡ። የድሮዎቹ መጻፊያዎች ፎንቱ ሲለወጥ ወደማይነበብ ምልክት ይቀየራሉ፤ መፈለግም አይቻልም።

የታካሚው ስም፣ የአባት ስም፣ የአያት ስም ለየብቻ ሳጥን ይኑራቸው። አቶ፣ ወይዘሮ፣ መምሬ፣ ቄስ፣ መሪጌታ የሚሉ ማዕረጎች ከስሙ ጋር አይቀላቀሉ። ለእነሱ ትንሽ ሳጥን ለብቻ ሥሩ፤ ስታነጋግሯቸው ትጠቀሙበታላችሁ። የክርስትና ስማቸውን የሚናገሩም አሉ። አንዴ በዓለም ስሙ፣ አንዴ በክርስትና ስሙ የተመዘገበ ሰው አጋጥሞኛል። «ሌላ የሚጠሩበት ስም አለ?» ብሎ መጠየቅ አምስት ሰከንድ ነው።

እዝባር (/) የሚባል ነገር በስም ውስጥ አይግባ። እኛ አገር የቤተ ክርስቲያን ስም ብዙ ስለሆነ ሁሉም ያሳጥራል። ግን «ወ/ማርያም» ወልደ ማርያም ነው ወይስ ወለተ ማርያም? አንዱ ወንድ፣ አንዷ ሴት ናቸው። «ተ/ማርያም» ተክለ ማርያም ሊሆን ይችላል፣ ተስፋ ማርያምም ሊሆን ይችላል። ሙሉውን ጻፉ። ካርድ ክፍልም እንዲሁ እንዲጽፍ ለምኑ።

አሁን ወደ ፊደሉ። አማርኛ ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት አሉት፤ ለኮምፒውተሩ ግን እያንዳንዳቸው የተለያዩ ናቸው። መፍትሔው ሰዎችን «በትክክል ጻፉ» ብሎ መጨቅጨቅ አይደለም። ሁለት የስም ሳጥን መሥራት ነው። አንደኛው የሚታየው ነው፤ ሰውየው ስሙን እንደሚጽፈው ይጻፋል፤ አይነካም። ሁለተኛው የተደበቀ «የመፈለጊያ ስም» ነው፤ ኮምፒውተሩ ራሱ ይሞላዋል። የአይቲ ባለሙያችሁ የሚከተለውን ሕግ እንዲያስገባ አድርጉ፦

ሐ እና ኀ ወደ ሀ ይለወጡ፤ ሰባቱም ቤቶች።
ሠ ወደ ሰ ይለወጥ፤ ሰባቱም ቤቶች።
ዐ ወደ አ ይለወጥ፤ ሰባቱም ቤቶች።
ፀ ወደ ጸ ይለወጥ፤ ሰባቱም ቤቶች።
በመጨረሻ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ ይለወጡ፤ በስሙ መሀል ያለ ክፍት ቦታም ይውጣ።

ተራው እንዳይዛባ። ኃ መጀመሪያ ሃ ይሆናል፣ ከዚያ ሀ ይሆናል። ስትፈልጉም የምትጽፉት ቃል በዚሁ ሕግ ያልፋል። ያን ጊዜ ፀሐይ፣ ጸሃይ፣ ፀሀይ፣ ጸሐይ ሁሉም አንድ ቦታ ይገናኛሉ። ኃይሉ፣ ሀይሉ፣ ሃይሉ ይገናኛሉ። ዓለሙና አለሙ፣ ሠናይትና ሰናይት፣ «ወልደ ጊዮርጊስ» እና «ወልደጊዮርጊስ» ይገናኛሉ። ይህ ነገር ለአንድ የአይቲ ባለሙያ የግማሽ ቀን ሥራ ነው። ያቺ እናት ከመንዝ ሁለቴ የተመላለሱት ይህ ግማሽ ቀን ስላልተሠራ ነው።

ከዚህ ሁሉ በኋላም አዲስ ታካሚ ከመመዝገባችሁ በፊት ሁልጊዜ ፈልጉ። በካርድ ቁጥር፣ ከዚያ በስም፣ ከዚያ በስልክ። በሦስቱም ከጠፋ ነው አዲስ የሚባለው።

4. ቀን፣ ሰዓት፣ ዕድሜ

ሁለተኛው የእኛ አገር ችግር የዘመን አቆጣጠር ነው። ኮምፒውተሩ በፈረንጅ ይቆጥራል፣ እኛ በኢትዮጵያ።

ምሳሌ ልስጣችሁ። ነርሷ የካቲት 30 ቀን 2016ን «30/6/2016» ብላ ጻፈች። ኮምፒውተሩ ደስ ብሎት ተቀበለ። ለእሱ ይህ ጁን 30 ቀን 2016 ነው። የእኛ የካቲት 30 ቀን 2016 ግን በፈረንጅ ማርች 9 ቀን 2024 ነው። ምርመራው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ወደ ኋላ ተመለሰ። ማንም ስህተት የሚል የለም። ጳጉሜ 3 ሲሆን ደግሞ «3/13» ተብሎ ይጻፋል። አንዳንዱ ኮምፒውተር አልቀበልም ይላል፤ ይኸኛው ይሻላል። ወር በሚቀድምበት አሠራር የተስተካከለው ግን ማርች 13 ነው ብሎ ዝም ይላል። ዝም የሚለው ነው የሚጎዳው።

ስለዚህ የምርመራው ቀን በእጅ አይጻፍ። ኮምፒውተሩ ራሱ በፈረንጅ ይያዘው፤ በማያ ገጹና በሚታተመው ወረቀት ላይ ግን በኢትዮጵያ አቆጣጠር ይታይ። ለመቀየሪያው ዝግጁ የተሠሩ ፕሮግራሞች ስላሉ ከባዶ መጀመር አያስፈልግም። ስትፈትሹት ግን ጳጉሜ 6 ባለበት ዓመት ፈትሹት። 2015 እንደዚያ ነበር፤ የ2016 አዲስ ዓመት ሴፕቴምበር 12 ላይ የዋለው ለዚህ ነው። እዚያ ላይ የሚሳሳት መቀየሪያ ብዙ አለ።

ሰዓትም እንደዚያው። «ከስንት ሰዓት ጀምሮ አልበሉም?» ስትሉ «ከሁለት ሰዓት» ይሏችኋል። የማታ ሁለት ነው ወይስ የጠዋት ሁለት? ለላይኛው ኢንዶስኮፒ (ለምግብ ቱቦና ለጨጓራ ምርመራ) ከምግብ 6 ሰዓት፣ ከውሃ 2 ሰዓት መቆየት ስለሚያስፈልግ ልዩነቱ ትልቅ ነው። ሳጥኑ ሰዓት እንድትጽፉ ከሚጠይቅ «ከበሉ ስንት ሰዓት ሆናቸው?» ቢል ይሻላል። በጾም ወቅት ደግሞ ጿሚ ነኝ የሚል ሁሉ ከማታ ጀምሮ አልበላም ማለት ላይሆን ይችላል። ጠይቁ።

በየጠዋቱ የኮምፒውተሩንና የኢንዶስኮፒ ማሽኑን ሰዓት ከስልካችሁ ጋር አስተያዩ። የድሮ ኮምፒውተር ውስጡ ያለችው ትንሽ ባትሪ ስታልቅ መብራት በጠፋ ቁጥር ቀኑ ወደ ኋላ ይሄዳል።

ዕድሜ ላይ አጭር ነገር። የልደት ቀኑን የማያውቅ ብዙ ሰው አለ። «55» ብቻ ብላችሁ አትጻፉ፤ ከዓመት በኋላም 55 ሆኖ ይቀራል። የልደት ዓመት አስሉና ጻፉ፣ አጠገቡ «በግምት» የምትል ምልክት አድርጉ።

5. ምስሉን መያዝ

የምስል ማስገቢያውን ከመግዛታችሁ በፊት የኢንዶስኮፒ ማሽኑን ጀርባ ከባዮሜዲካል ባለሙያው ጋር እዩ። የቆዩት ኤስ-ቪዲዮ መውጫ አላቸው፤ አዲሶቹ ዲቪአይ፣ ኤችዲኤምአይ ወይም ኤስዲአይ። ገመዱ ካልገጠመ ገንዘቡ ባከነ።

ታካሚው ከመተኛቱ በፊት መዝገቡን ክፈቱ። የቀድሞው ሰው መዝገብ ክፍት ሆኖ አዲሱ ሰው ከተጀመረ ምስሎቹ ሁሉ ለሌላ ሰው ይገባሉ። ስም ስታረጋግጡ «እትዬ እገሌ ነዎት?» አትበሉ። ትልልቅ ሰዎች በተለይ ሲፈሩ ለማንኛውም ነገር «አዎ ልጄ» ይላሉ። «እማማ፣ ሙሉ ስምዎን ይንገሩኝ» በሉ፤ እሳቸው ይናገሩ።

ስንት ምስል? የአውሮፓ የጨጓራና አንጀት ኢንዶስኮፒ ማኅበር ለላይኛው ምርመራ ቢያንስ 10 ምስል ይመክራል። ከምግብ ቱቦው እስከ ትንሹ አንጀት መጀመሪያ ድረስ ዋና ዋና ቦታዎቹ፣ ሲደመርም የታየው ችግር ሁሉ። ሁልጊዜ በአንድ ዓይነት ቅደም ተከተል ይነሱ። ደህና የሆነውም ቦታ ይነሳ። ሲመለስ የምናወዳድረው ከእሱ ጋር ነው። ለኮሎኖስኮፒ (ለትልቁ አንጀት ምርመራ) ትልቁ አንጀት ከትንሹ ጋር የሚገናኝበት ጫፍ ላይ መደረሱን የሚያሳይ ምስል ግድ ነው። ቱቦውን ማውጣት የተጀመረበት ሰዓትም ይያዝ፤ በደንብ ለማየት ቢያንስ 6 ደቂቃ ያስፈልጋል። የአንጀቱ ንጽሕና በቦስተን መለኪያ ከ0 እስከ 9 ይሞላ።

ማስታገሻ የሚሰጥ ከሆነ በደሙ ውስጥ ያለውን የኦክስጅን መጠን መድኃኒቱ ከመሰጠቱ በፊት መዝግቡ። ደብረ ብርሃን ከባሕር ወለል በላይ 2,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለችው፤ ሸዋ ሮቢት ከዚያ ግማሽ በታች። ከፍታው ራሱ ቁጥሩን ሊቀንሰው ይችላል። የመነሻው ቁጥር ከሌለ በመሀል 90 በመቶ ሲያሳይ ወርዶ ነው ወይስ ሲጀመርም ዝቅ ያለ ነበር ለማለት ይቸግራል።

ፋይሎቹን በስም አትሰይሙ። የምርመራው ቁጥርና የምስሉ ተራ ቁጥር ይበቃል። ቦታ ያንሰናል ብላችሁ አትፍሩ። አንድ ምስል ግማሽ ሜጋባይት ቢሆን፣ በቀን 10 ሰው እያንዳንዱ 12 ምስል ቢኖረው፣ በቀን 60 ሜጋባይት ነው። በ250 የሥራ ቀን 15 ጊጋባይት። ይህ ለማንኛውም ሃርድ ዲስክ ቀላል ነው። ቪዲዮ ነው ቦታ የሚበላው፤ እሱን ለሚያስፈልግበት ብቻ አድርጉት።

6. ሪፖርቱ

ሐኪሙ በነፃ የሚጽፍበት ትልቅ ባዶ ሳጥን ብቻ ከሆነ በኋላ የሚቆጠር ነገር አይኖርም። አንዱ «ቀይ ሆኗል» ይላል፣ ሌላው «ተቆጥቷል» ይላል። ስለዚህ ምርጫ ይዘርዘር። ለእያንዳንዱ ቦታ፣ ማለትም ለምግብ ቱቦ፣ ለጨጓራው ላይኛ፣ መካከለኛና ታችኛ ክፍል እና ለትንሹ አንጀት መጀመሪያ፣ ደህና ነው ወይስ ችግር አለው? ችግር ካለው ምን? መጠኑ በሚሊሜትር ስንት? ነፃ ሳጥኑ ከሥር ለተጨማሪ ይቅር።

በዓለም ላይ የተለመዱትን ደረጃዎች ተጠቀሙ፤ ሪፈር የሚቀበለው ሐኪምም የሚያውቃቸው እነሱን ነው። ለምግብ ቱቦ በአሲድ መቁሰል የሎስ አንጀለስ ደረጃ አለ። ኤ የቁስሉ ርዝመት እስከ 5 ሚሊሜትር የሚደርስ ነው። ቢ ከዚያ የሚረዝም ነው። ሲ ከእጥፋት ወደ እጥፋት የተያያዘና ከዙሪያው ከ75 በመቶ በታች የያዘ ነው። ዲ 75 በመቶና ከዚያ በላይ ነው። ለሚደማ ቁስል የፎረስት ደረጃ አለ። ከ1ኤ፣ ማለትም ከሚፈነጥቅ ደም፣ ጀምሮ እስከ 3፣ ማለትም ንጹሕ ቁስል፣ ይሄዳል። ትርጉማቸው ምርጫው አጠገብ በአጭሩ ይጻፍ። ሌሊት ተጠርቶ የመጣ ሐኪም በቃሉ እንዲያስታውስ አትጠብቁ።

አንድ ነገር አጥብቄ እለምናለሁ። «ሁሉም ደህና» ተብሎ ቀድሞ የተሞላ ቅጽ አትሥሩ። ጊዜ ይቆጥባል፣ አውቃለሁ። ግን ያልታየ ቦታ «ደህና» ተብሎ ይታተማል። ምግብ ስለነበረ ያልታየ ከሆነ «አልታየም» የሚል ሦስተኛ ምርጫ ይኑር። ባዶ የቀረ ቦታ ካለ ኮምፒውተሩ አላትምም ይበል። ካለፈው ሰው ሪፖርት ኮፒ አድርጎ ማስተካከልም ይቅር።

የመኖሪያ ወረዳና ቀበሌም ዝም ብሎ የቢሮ ወረቀት አይደለም። በምግብ ቱቦው ታችኛ ክፍል ያበጠ የደም ሥር የተገኘበት ሰው ቆላ መስኖ አጠገብ የኖረ ከሆነ ቢልሃርዚያን፣ ከውሃ የሚይዘውን የትል በሽታ፣ ማሰብ ያስፈልጋል። «ከዚህ በፊት የት የት ኖረዋል?» የምትል ሳጥን ለዚህ ትጠቅማለች።

ለታካሚው የሚሰጠው ወረቀት ሁለት ክፍል ይኑረው። ላይኛው ለሐኪም ነው። ታችኛው በአማርኛ፣ በትልልቅ ፊደል፣ ሦስት ነገር ብቻ፦ ምን ተገኘ፣ ምን መድኃኒት ይወሰዳል፣ መቼ ይመለሱ። ለአስታማሚው አንብቡለት። ሰውየው ማስታገሻ ከወሰደ የነገራችሁትን ላያስታውስ ይችላል።

7. ናሙና

እያንዳንዱ የፎርማሊን (የናሙና ማቆያ ፈሳሽ) ጠርሙስ የምርመራው ቁጥርና ፊደል ይኑረው፦ ሀ፣ ለ፣ መ። ሐን ዝለሏት፤ ከሀ ጋር ትምታታለች። በሲድኒ አሠራር ከጨጓራው አምስት ቁራጭ የሚወሰድ ከሆነ ከየትኛው ቦታ ስንት እንደተወሰደ ይጻፍ። ለኤች ፓይሎሪ (ለጨጓራ ባክቴሪያ) የሚመረመር ከሆነ ታካሚው እንደ ኦሜፕራዞል ያለ የጨጓራ አሲድ መቀነሻ መድኃኒት መቼ እንዳቆመ ይመዝገብ። ሁለት ሳምንት ካልሆነው ባክቴሪያው እያለ የለም ሊባል ይችላል።

ከዚያ አራት ቀን ይያዝ፦ የተወሰደበት፣ የተላከበት፣ ውጤቱ የመጣበት፣ ለታካሚው የተነገረበት። አራተኛው ባዶ እስከሆነ ድረስ ሥራው አላለቀም።

8. ቱቦው ማን ላይ ገብቶ ነበር?

የኢንዶስኮፒ ቱቦው መለያ ቁጥር በእያንዳንዱ ምርመራ ላይ ይመዝገብ። ማን አጠበው፣ የመፍሰስ ፍተሻ (ቱቦው ቀዳዳ እንደሌለው ማየት) ተደረገ ወይ፣ ስንት ደቂቃ ተነከረ የሚለውም። የበሽታ መተላለፍ ከተጠረጠረ ከማን በኋላ ማን እንደተመረመረ የምናውቀው በዚህ ብቻ ነው።

የመንከሪያውን ሙቀትም ጻፉ። 2 በመቶ ግሉታራልዴሃይድ (የጀርም መግደያው ፈሳሽ) 20 ደቂቃ የሚባለው በ20 ዲግሪ ነው። ደብረ ብርሃን በጥቅምትና በኅዳር ጠዋት ክፍሉ ከዚያ በጣም ይቀዘቅዛል። አንድ ቴርሞሜትር ግዙ። ቁጥሩ ዝቅ ካለ መንከሪያውን አምራቹ ወዳዘዘው ሙቀት ሳታደርሱ አትንከሩ። ጥንካሬውን የሚለካው ወረቀት ውጤትም እዚያው ይግባ።

9. መብራትና ቅጂ

መብራት ይሄዳል። ኮምፒውተሩንም የኢንዶስኮፒ ማሽኑንም በዩፒኤስ አድርጉ። ምስሉ በተነሳበት ቅጽበት ይቀመጥ፤ መጨረሻ ላይ ሴቭ እንዲደረግ የሚጠብቅ ከሆነ አንድ ቀን ሙሉውን ታጡታላችሁ። ለዚያ ቀን የሚሆን ባዶ የወረቀት ቅጽ ሁልጊዜ መሳቢያ ውስጥ ይኑር። መብራት ሲመጣ ያኔውኑ ወደ ኮምፒውተር ይግባ እንጂ ለነገ አይደር።

ሦስት ቅጂ ይኑራችሁ። አንዱ ኮምፒውተሩ ላይ፣ አንዱ በየቀኑ ማታ የሚሞላ ሃርድ ዲስክ ላይ፣ አንዱ በሳምንት አንዴ ተሞልቶ ሌላ ሕንፃ ውስጥ የሚቆለፍ። ሦስቱም አንድ ክፍል ከሆኑ አንድ ሌባ ወይም አንድ እሳት ሦስቱንም ይወስዳቸዋል። በወር አንድ ቀን ደግሞ ከቅጂው ላይ አንድ ሰው ፈልጉና ክፈቱ። ሳይከፈት የሚቀመጥ ቅጂ መኖሩ አይታወቅም።

የሰው ፍላሽ እዚያ ኮምፒውተር ላይ አይሰካ። ተማሪም ቢሆን፣ አለቃም ቢሆን። ቫይረስ የሚገባው በዚህ ነው።

10. ምስጢር

ለእያንዳንዱ ሠራተኛ የራሱ የይለፍ ቃል ይሰጠው። ማን ምን እንደቀየረ የሚታወቀው ያኔ ነው። ሪፖርት ከታተመ በኋላ አይደለዝ፤ ማስተካከያ ካለ ከሥሩ በቀንና በስም ይጨመር። ሃርድ ዲስኮቹም በይለፍ ቃል ይቆለፉ።

አሁን ብዙ ሐኪም በቴሌግራም ምስል ልኮ ያማክራል። መማከሩ ጥሩ ነው፤ ሰው አድኖ አይቻለሁ። ግን ማሽኑ የታካሚውን ስም ምስሉ ጥግ ላይ ይጽፈዋል። እሱ ሳይቆረጥ አይላክ። የግል መረጃ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 የጤና መረጃን ልዩ ጥበቃ ከሚደረግላቸው ውስጥ ይቆጥረዋል። አዋጁ ባይኖርም በትንሽ ከተማ ውስጥ የአንድ ሰው ሕመም ገበያ እስኪደርስ ግማሽ ቀን አይፈጅም።

11. የዓርብ ዝርዝር

የቀድሞውን መዝገብ ከኮምፒውተሩ ጋር አንድ ወር ያህል አብራችሁ ያዙ። በየሳምንቱ ሁለቱን ቁጠሩ። እኩል ካልሆኑ የጎደለውን ፈልጉ። እኩል መሆን ሲጀምሩ ወረቀቱን ማቆም ትችላላችሁ። የድሮዎቹን መዝገቦች ግን አትጣሉ። ጊዜ ሲገኝ ከቅርብ ዓመት ወደ ኋላ እየሄዳችሁ ስም፣ የካርድ ቁጥርና ውጤት ብቻ አስገቡ።

ከዚያ ኮምፒውተሩ አንድ ዝርዝር እንዲያወጣ አድርጉ፦ መመለስ ሲገባቸው ያልተመለሱ። የጨጓራ ቁስል የተገኘባቸው ከ8 እስከ 12 ሳምንት ውስጥ መዳኑ መታየት አለበት። ያበጠ የደም ሥር በላስቲክ የታሰረላቸው እስኪጠፋ ድረስ ከ2 እስከ 4 ሳምንት እየቆዩ ይመለሳሉ። የናሙና ውጤታቸው መጥቶ ያልተነገራቸውም እዚያው ይግቡ። እኛ ዓርብ ከሰዓት ታካሚ ሲቀንስ ነው የምናወጣው። አንድ ነርስ ስልክ ይዛ ትቀመጣለች። የመጀመሪያው ስልክ ካልሠራ ሁለተኛው፣ ለቅርብ ሰው። ስልክ የሚያነሳው ጎረቤት ከሆነ ሕመሙን አትንገሩ፤ «ከሐኪም ቤት ነው፣ ቀጠሮ አለባቸው፣ ይደውሉልን» ብቻ በሉ። ተደውሎ የተባለውም ከነቀኑ መዝገቡ ላይ ይጻፋል። ያላነሱት ለሚቀጥለው ዓርብ ይተላለፋሉ።